ጃንጥላ የተያዘለት ጎመን

«ከመቼ ወዲህ ነው በገዛ ወንድሜ ቤት የምደበቀው?» አለች እንግዳወርቅ፤ የያዘችውን የቆስጣ እቅፍ ጠረጴዛው ላይ ጣል አድርጋ።

«ማን ተደበቂ አለሽ? አረፍ በይ ነው ያልኩሽ» አለች የወንድሟ ሚስት ሰሎሜ። «ሰዎቹ መጥተው ጓሮውን አይተው እስኪሄዱ ክፍልሽ ገብተሽ ጋደም ማለት ምን ይጎዳሻል? በሌላው ቀን ወገቤን ወገቤን ትያለሽ።»

«ወገቤን ያልኩት አጎንብሼ ስለዋልኩ ነው። አጎንብሼ የዋልኩት ደግሞ የት እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ። እኔ አላውቅም አልኩ? የመሸጫ ኮንቴነሩን መንግሥት የሚሰጠው ግን ለወጣት ነው፤ ሥራ ላጣ ተመራቂ። ልጅቷ ዲግሪዋን ታቅፋ ቤት ከተቀመጠች ስንት ጊዜዋ ነው? ሰዎቹ ገብተው አንቺን ዶማ ይዘሽ ካገኙሽ፣ ጓሮው የማን ነው ሊሉ ነው?»

«የሠራው ሰው ነዋ!»

ገብረአማኑኤል በሁለቱ መካከል ተቀምጦ ሻዩን ያማስል ነበር። ስኳሩ ከሟሟ ቆይቷል። ሳሎኑ ከወትሮው ተለይቶ ተወልውሏል፤ ሽቦው የወጣው ሶፋ ዳንቴል ለብሶ ወደ ጥግ ተገፍቷል፤ ልጃቸው ምኞት በጥቁር ጋዋን የተነሳችው የምረቃ ፎቶ ከመኝታ ቤት ወጥቶ ከበሩ ፊት ለፊት ተሰቅሏል፤ የሚገባ ሰው ሁሉ አስቀድሞ እሱን እንዲያይ። ገብረአማኑኤል ጡረታ እስኪወጣ ድረስ በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርቷል። በዚያ ሁሉ ዘመን ሲጣሉ ያያቸው ወንድምና እህቶች ቁጥር ስፍር የላቸውም፤ በልቡም «እንዴት ሰው ለአንድ ክንድ መሬት እንዲህ ይሆናል?» ይል ነበር። ዛሬ ግን ቀና ብሎ የሁለቱን ሴቶች ፊት ማየት ከበደው።

«ጋሼ፣ አንተ ምን ትላለህ?» አለችው እህቱ።

«እስቲ መጀመሪያ ቁርሱ ይቅረብና…»

«ቁርሱ ቀርቧል። በልተኸዋል።»

ሰሎሜ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያውም ዋጥ አደረገችው። እንግዳወርቅ አልሳቀችም። ቆስጣውን ሰብስባ እንደገና አቀፈችው፤ ጥቂት ቆማ አሰበችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች። «እሺ፤ እገባለሁ። ለምኞት ስል እገባለሁ። ግን ያ የግብርናው ልጅ፣ ሮብሳን፣ ጓሮውን ማን እንደሠራው ያውቃል። መጀመሪያም ያየው እሱ ነው፤ ኮንቴነሩንም ቃል የገባው ለኔ ነው። እሱ በስሜ ከጠየቀኝ ጥሩኝና ልውጣ። ሌላ ምንም አልልም። እሱ ካልጠየቀ የምኞት ነው በሏቸው።»

«ከጠየቀማ እጠራሻለሁ» አለ ገብረአማኑኤል፤ ጠቡ በዚህ ማለቁ ደስ ብሎት። «እንዴት እክድሻለሁ?»

እንግዳወርቅ በአሥር ዓመት ታንሰዋለች። ለጋብቻ ወደ ካቺሲ የሄደችው በልጅነቷ ነው፤ ባሏ ሲሞት መሬቱን የእንጀራ ልጆቿ ወሰዱትና በአንድ የጭነት አይሱዙ ላይ ተጭና አምቦ ተመለሰች። ወንድሟ ከኩሽናው ጋር በአንድ ግድግዳ የተያያዘችውን ክፍል፣ ቀድሞ ከሰልና ማገዶ የሚቀመጥባትን፣ አስጠርጎ ሰጣት። ከክፍሏ በር እስከ ጎረቤት አጥር ያለው ቦታ ያን ጊዜ የአመድና የተሰበረ ጠርሙስ መጣያ ነበር፤ ስፋቱ ከአንድ ደህና ሳሎን አይበልጥም። ማንም ሥሪ ሳይላት ቆሻሻውን ለቅማ አወጣች፤ የጋሪ ፈረስ ካለው ጎረቤት ፍግ እየለመነች በጀርባዋ አመላለሰች። መሬቱ ሲያልቅባት ወደ ላይ ሄደች፤ ማዳበሪያ ከረጢት በአፈር ሞልታ ድንች ተከለችበት፤ ታችኛው ክፍሉ የተቀደደ ጀሪካን በአጥሩ ላይ በሽቦ አስራ ሰላጣና በሶብላ አበቀለችበት። ከልብስ ማጠቢያው የሚወርደው ውኃ በከንቱ እንዳይፈስ ቦይ ቀደደችለትና መጨረሻው ላይ ሁለት እንሰት አቆመች። ቧንቧው በሳምንት አንዴ ወይ ሁለቴ ብቻ ስለሚመጣ የሳህን እጣቢ እንኳ ያለ እሷ ፈቃድ አይደፋም። ቤቱ ጎመንና ቆስጣ መግዛት ከተወ ዓመታት አልፈዋል፤ ሽንኩርት ኪሎው መቶ ብር የገባ ሰሞን ጎረቤት ሁሉ ሲንጫጫ ሰሎሜ «እኛስ ጓሯችን ይመስገን» ትል ነበር። ጓሯችን ነበር የምትለው። ያኔ ማንም ልብ አላለውም፤ እንግዳወርቅም ብትሆን ደስ ይላት ነበር እንጂ አልከፋትም።

ባለፈው ክረምት የግብርና ባለሙያው ሮብሳን ዶሮ ሊከትብ መጥቶ ጓሮውን ሲያይ መርፌውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ። «አዴ እንግዳወርቅ፣ ይህን ብቻዎን ነው የሠሩት?» ብሎ ተደነቀ፤ በስልኩ ፎቶ አነሳ፤ አለቆቹን ይዞ እንደሚመጣና በገበያው ዳር ከሚታደሉት ኮንቴነሮች አንዱን እንደሚያሰጣት ነገራት። እሷም ከዚያን ቀን ጀምሮ ስትናገር «ኮንቴነሬን ሳገኝ» ማለት ለመደች፤ ኮንቴነሯን ስታገኝ ከበስተኋላው አልጋ ትዘረጋለች፤ ከሰው ቤት ትወጣለች። «ከሰው ቤት» ስትል ወንድሟ አንድ ቀን ሰምቷት ቅር ብሎት ነበር። የጉብኝቱ ቀን በተቆረጠ ጊዜ ግን ዕድሉ ለወጣቶች ብቻ ነው ተባለ፤ ሰሎሜም በቀበሌው ስብሰባ ላይ እጇን አውጥታ የልጇን ስም አስመዘገበች። ለእንግዳወርቅ የነገረቻት ትናንት ማታ ነው።

እንግዶቹ በጠዋት በሦስት ሰዓት እንደሚደርሱ ተነግሯል። እንግዳወርቅ ገና ሰዓቱ ሳይደርስ ክፍሏ ገብታ በሩን ዘጋች፤ ወደ ጓሮው የምትከፈተውን ትንሽ የእንጨት መስኮትም ከውስጥ ሳበቻት። ሰሎሜ ያን ስትጠብቅ ኖሮ ወዲያው ባሏን ጠርታ በመካከለኛው መደብ ላይ ያለውን ጎመን አሳየችው። ጎመኑ ከሰው ቁመት በላይ ተመዝዞ ቢጫ አበባ አብቧል፤ ከታች ያሉት ፍሬ ማቆር ጀምረዋል፤ ቅጠሉ ጠውልጎና ተበሳስቶ ሲያዩት አያምርም።

«ይኼ ይነቀል።»

«ዘር ነው እኮ» አለ ገብረአማኑኤል። «ለዘር ብላ ነው የተወችው።»

«ለሚያየው ሰው አረም ነው። ፎቶ ላይ አረም ነው የሚመስለው። በል አሁን፤ ቀስ ብለህ ንቀለው፣ ድምፅ አታሰማ።»

ነቀለው። የሚሠራው ነገር ማግኘቱ ራሱ አንድ እፎይታ ነበር፤ ቆሞ ከማሰብ ይሻላል። ግንዱን በሁለት እጁ እየያዘ ሲስበው ሥሩ ከለሰለሰው አፈር በቀላሉ ይወጣል፤ እያንዳንዱ ሲወጣ ግን እንደ ጨርቅ መቀደድ ያለ ድምፅ ነበረው፤ እሱም በየመሐሉ ወደ መስኮቷ ያያል። መስኮቷ አልተከፈተችም። የነቀለውን በአጥሩ ላይ ወደ ጎረቤቱ ፈረስ ወረወረለት። መደቡ ባዶውን ሲቀር ደግሞ የባሰ አስጠላ፤ እንደተላጨ ትልቅ ራስ ሆነ። ሰሎሜ ግን ለዚህ ሁሉ አስባበታለች። ብዙም ሳይቆይ አንድ ባጃጅ በሩ ላይ ቆመና ሹፌሩ ከኋላ መቀመጫው ላይ ጥቅል ጎመን እያቀፈ ያወርድ ጀመር፤ ከነሥሩ፣ ከነአፈሩ፣ ትላልቅና ነጫጭ። ቅዳሜ ስለሆነ ገበያተኛው በማለዳ ገብቷል፤ ሰሎሜ ሥር ያለውን ብቻ ብላ አስመርጣ ነው የገዛችው።

ሹፌሩ ዶማውንና የተቆፈረውን ጉድጓድ አየና እጁን ወገቡ ላይ አደረገ። «እናቴ፣ ጎመን ከማሳ ወደ ገበያ ሲሄድ ነው የማውቀው። ከገበያ ወደ ማሳ ሲመለስ ዛሬ ገና አየሁ!»

«አንተ ሒሳብህን ተቀበልና ሂድ።»

«ኧረ ልሄድ ነው። ነገ በጎችም ካሉ ወደ እናታቸው ሆድ ለመመለስ ይጥሩኝ» አለና እየሳቀ ሞተሩን አስነሳ።

ተከሏቸው። ሰሎሜ በመስመር አስቀመጠቻቸው፤ ገብረአማኑኤል አፈሩን በእግሩ ጠቀጠቀላቸው። እውነትም አማሩ። ሦስት ሰዓት ሆነ፤ አራት ሰዓት ሆነ፤ እንግዶቹ የሉም። ደመናው ተበትኖ ፀሐዩ ጓሮው ላይ ቀጥ ብሎ ሲወርድ የጥቅል ጎመኖቹ ውጫዊ ቅጠሎች አንድ በአንድ እንደ ውሻ ጆሮ ወደ መሬት ተንጠለጠሉ። ውኃ አጠጧቸው፤ ለሰኞ ልብስ ማጠቢያ የተቀመጠው በርሜል አለቀ፤ ቅጠሎቹ አልተነሱም። በመጨረሻ ሰሎሜ የቤቱን ጃንጥላ ሁሉ አወጣች። አንዱን ጥቁር ጃንጥላ ገብረአማኑኤል፣ ሌላውን አበባ ያለበትን ምኞት ይዘው፣ ለቀብር እንደወጣ ሰው በመደቡ ግራና ቀኝ ቆሙ። ሰሎሜ ራሷ መንገዱን ለማየት በሩ ላይ ሄዳ ተተከለች።

ምኞት የበዓል ልብሷን ለብሳ በላዩ አዲስ ሽርጥ አስራለች። ሽርጡ ከማሸጊያው ሲወጣ የተጣጠፈበት ምልክት አሁንም ይታያል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ እናቷ ያስጠናቻትን «ሥራ ጠባቂ ከመሆን ሥራ ፈጣሪ» የሚለውን ትደግማለች።

«አባዬ» አለች በሹክሹክታ፣ ወደ አክስቷ ክፍል እያየች፤ «እቴቴ ምሳ በላች?»

«ኋላ ትበላለች።»

«ሽንት ቤት እንኳ አልወጣችም እኮ። እንዳያገኟት ብላ ነው።»

«እንግዲህ ይመጣሉ አሁን።»

«ቢጠይቁኝስ? እኔ የቆስጣና የሰላጣ ፍሬ እንኳ ለይቼ አላውቅም።»

«አይጠይቁሽም። እንዲህ ያሉ ሰዎች ለመናገር እንጂ ለመጠየቅ አይመጡም።»

ልጅቷ ጃንጥላዋን ከግራ ወደ ቀኝ እጇ አዛወረችው። ገብረአማኑኤል ለልጁ አዘነላት፤ ከተመረቀች ጀምሮ ማስታወቂያ ሰሌዳ ሥር ቆማ ስትመለስ ፊቷን አይቶ ያውቃል፤ ባኮ ከተማ ለሥራ ፈተና ተጠርታ ሄዳ፣ ቦታው አስቀድሞ ሰው ተይዞበት በማግስቱ ስትመለስም ከመናኸሪያ የተቀበላት እሱ ነው። ለእህቱም ያዝናል። ሁለቱም ሐዘን በአንድ ጊዜ ሆዱ ውስጥ ነበሩ፤ ከማዘን በቀር ግን ለአንዳቸውም ያደረገው ነገር አልነበረም።

ከቀትር በኋላ በስምንት ሰዓት ሰሎሜ «መጡ! መጡ!» እያለች ስትሮጥ ጃንጥላዎቹ ከኩሽናው በር ኋላ ተወረወሩ። የገቡት የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ኦቦ ፉፋ፣ ሮብሳንና ካሜራ የያዘ አንድ ሰው ነበሩ፤ ሌሎቹ መኪና ውስጥ ቀሩ። ኦቦ ፉፋ ወፍራም፣ ላብ በላብ የሆነ፣ ፈገግታው ከልቡ የሚመስል ሰው ነው። የገብረአማኑኤልን እጅ በሁለት እጁ ይዞ «አከም ጅርቱ? ፈያዳ? ስላዘገየናችሁ ይቅርታ፤ ስብሰባው ነው፤ ስብሰባ እኮ አያልቅም» አለ። ሰሎሜ ወደ ሳሎን ብትጋብዘው ጊዜ የለንም ብሎ ቀጥታ ወደ ጓሮው ዞረ። በእንግዶች ዓይን ሲታይ ጓሮው ለገብረአማኑኤልም እንግዳ ሆነበት፤ ለካ ከአጥሩ ላይ ከተንጠለጠሉት ጀሪካኖች ጀምሮ እስከ እንሰቱ ድረስ ያልተሠራበት አንዲት መዳፍ መሬት አልነበረችም። ኦቦ ፉፋ ራሱን እየነቀነቀ ዞረው። «ምኞት፣ ጎበዝ! በዚህች ቦታ ይህን ሁሉ! ስንቱ ወጣት መሬት የለኝም እያለ መንገድ ዳር ይቀመጣል!» ምኞት የጠናችውን ተናገረች፤ ካሜራው ቀረጻት፤ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ሰሎሜ በደስታ ከንፈሯን ነከሰች።

ሮብሳን በዚህ መሐል ጥቅል ጎመኑ አጠገብ ቁጢጥ ብሎ ነበር። አንዱን በጣቱ ነካ ሲያደርገው ጎመኑ ከነአፈሩ ጋደል አለ። ሮብሳን ቀና ብሎ ገብረአማኑኤልን አየው፤ ከዚያ ማንም ሳያየው ጎመኑን አቃንቶ ዙሪያውን በመዳፉ ጠቀጠቀለት። ተነሥቶ እጁን አራገፈ።

«አዴ እንግዳወርቅ የሉም እንዴ?» አለ።

የእንግዳወርቅ መስኮት ሮብሳን ከቆመበት በክንድ ርቀት ላይ ነው፤ ሳንቃው ሳስቶ በመሐሉ ብርሃን ያሳልፋል። ሰሎሜ ባሏን አፍጥጣ አየችው። ምኞት ሽርጧን ጨበጠች። ካሜራ የያዘው ሰው ሌንሱን ወደ ገብረአማኑኤል አዞረ፤ ምናልባት ምክንያት አልነበረውም፤ ሰው ሊናገር ነው ብሎ ነው።

«ካቺሲ ሄዳለች» አለ ገብረአማኑኤል።

«ካቺሲ? መቼ?»

«ባለፈው ሳምንት። የባሏ ዘመዶች… ጠርተዋት።»

«ማን ናት?» አለ ኦቦ ፉፋ።

«እህቴ ናት። እዚሁ ነበረች» አለ ገብረአማኑኤል፤ እዚያ ላይ ቢያቆም ይችል ነበር፤ ነገር ግን ሁሉም የሚጠብቁት መሰለውና ጨመረበት። «አልፎ አልፎ ልጅቷን ትረዳት ነበር።»

«ዘመድ መጠየቅ ጥሩ ነው» አለ ኦቦ ፉፋ። «መንገዱስ? ሰሞኑን በዚያ በኩል ደህና አይደለም ሲሉ ሰምቼ ነበር።»

«ተከፍቷል ይላሉ።»

ሮብሳን ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። ፎቶ ተነሡ፤ መጀመሪያ ምኞት ብቻዋን፣ ቀጥሎ ከኦቦ ፉፋ ጋር፣ በመጨረሻም ቤተሰቡ በሙሉ። ቤተሰቡ በሙሉ ሲባል ሦስቱ በመስኮቷ ፊት ተደረደሩ። ኦቦ ፉፋ «የኮንቴነሩ ነገር ያለቀ ነው፤ ገለቶማ» ብሎ አመስግኖ ወጣ፤ ለእንግዶቹ የተገዛው የአምቦ ውኃና ለስላሳ ሳይከፈት ቀረ። የመኪናው ድምፅ ሳይርቅ ሰሎሜ እልልታ ከጉሮሮዋ ሊወጣ ሲል አፏን በእጇ ይዛ ልጇን አቀፈቻት።

ገብረአማኑኤል ወደ ክፍሏ በር ሄደ። ሊያንኳኳ እጁን አንሥቶ መልሶ አወረደው። «ሄደዋል» አለው በሩን።

«ሰማሁ» አለችው ከውስጥ።

ተቆጥታ ብትጮህ መልስ አዘጋጅቶ ነበር፤ ልጅቷን አይተሽ ይቅር በይኝ ሊላት፣ ኮንቴነሩ ሲመጣ አብራችሁ ትሠራላችሁ ሊላት። አልጮኸችም። ወጥታ መጀመሪያ ወደ ሽንት ቤት ሄደች፤ ከዚያ ፊቷን ታጥባ ጓሮው መሐል ቆመች። ጎመኑ የነበረበትን መደብ አየች፤ ማን ነቀለው ብላ አልጠየቀችም። ሥር የመስደድ ተስፋ ሳይኖራቸው የቆሙትን ጥቅል ጎመኖች አንድ በአንድ አንሥታ አፈራቸውን አራገፈች፤ ነገ ስለሚበሰብሱ ጥቂቱን ለራት ከትፋ ሠራችው፤ የተረፈውን በጥላ ቦታ ደረደረችው። እሱ ኩሽናው በር ላይ ሁለቴ መጥቶ ሁለቴ ተመለሰ። ምኞትም አንዴ ገብታ «እቴቴ ላግዝሽ» ስትላት «ልብስሽ ይቆሽሻል» ብላ መለሰቻት። ድምፅዋ እንደ ሁልጊዜው ነበር፤ ገብረአማኑኤልም ነገሩ ያለፈ መሰለው። እህቱ ድሮም ቂም አትይዝም። ይህን ለራሱ ደጋግሞ ነገረው።

ራት ስታቀርብ አብራቸው አልተቀመጠችም። «በልቻለሁ» አለች። ሰሎሜ ከወጡ ቀምሳ «ጨው አንሶታል» አለችና ከጠረጴዛው ላይ ጨመረች። ወሬያቸው ስለ ኮንቴነሩ ነበር፤ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ቢሆን ይሻላል ወይስ ወደ ወንዙ በኩል፣ ቀለሙ አረንጓዴ ይሁን ወይስ ሰማያዊ፣ ጓሮው እንደሆነ እንግዳወርቅ ትይዘዋለች፣ ምኞት ሽያጩ ላይ ትሆናለች። ሰሎሜ ይህን ስታቅድ ፍጹም ክፋት አልነበረባትም፤ ሁሉም ሰው ቦታውን እንዳገኘ ነበር የምታወራው። ሳህኑ ሳይነሣ የምኞት ስልክ ጮኸ፤ ሮብሳን ፎቶዎቹን በቴሌግራም ልኳል። ሦስቱም ሶፋው ላይ ተጠጋጉ። ምኞት በአውራ ጣቷ እየገፋች አሳየቻቸው፤ ኦቦ ፉፋ ሲስቅ፣ ጀሪካኖቹ፣ ምኞት ሽርጧን አስራ።

ገብረአማኑኤል ከተቀመጠበት በመስኮቱ ውጭው ይታየዋል። ገና ደንገዝገዝ ማለቱ ነው። እህቱ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የቤተ ክርስቲያን ጫማዋን አድርጋ፣ በአንድ እጇ የታሰረ ፌስታል በሌላው የጎን ቦርሳ ይዛ ከኩሽናው ጀርባ ወጣች። በመደቦቹ መሐል ባለችው ጠባብ መተላለፊያ ጎኗን ሰጥታ አለፈች። ወደ ሳሎኑ አልዞረችም። በዚህ ሰዓት ወደ ካቺሲ የሚሄድ መኪና የለም፤ ጊንጪ ድረስ በሚኒባስ ሄዶ፣ አድሮ፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ በማግስቱ ነው። ይህን ያውቃል። እዚያ ደርሳ የማንን በር እንደምታንኳኳ ግን አያውቅም። የውጭው የብረት በር ቀስ ብሎ ተከፈተ፤ ቀስ ብሎም ተዘጋ።

«ውይ፣ እኔን ግማሽ አድርገውኛል!» አለች ሰሎሜ። «እዩት፤ ትከሻዬ ብቻ ነው የወጣው።»

«የት?» አለ ገብረአማኑኤል። መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ አደረገና ወደ ስልኩ ጎንበስ አለ። «ብርሃኑን ከፍ አድርጊልኝ እስቲ።»